ማይክራፎኑን ከመኮነንዎ በፊት

ድሬዳዋ ከዚራ ባለው ቤታችን፣ እናቴ ባሕር ማዶ ያለችውን አራስ የልጅ ልጇን በኮምፒዩተር ልትመርቅ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። ምርቃቱ ግን አልተሰማም። እኔም የሕግ ሰው ነኝ እያልኩ፣ ሳልመረምር በማይክራፎኑ ላይ ፈረድኩ፤ ታይዋን ገበያ ወርጄ ሌላ ልገዛ ተነሳሁ።

ምርመራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ገመዱ ላይ ያለው የድምፅ መዝጊያ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ቀጥሎ መሰኪያውን ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሮዙ የማይክራፎን፣ አረንጓዴው የማዳመጫ ነው። ከዚያ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ሴቲንግ ይክፈቱ፤ «ሳውንድ» ውስጥ ትክክለኛው ማይክራፎን መመረጡን፣ «ፕራይቬሲ» ውስጥ ደግሞ ፕሮግራሞች እንዲጠቀሙበት መፈቀዱን ይዩ።

በእኛ ቤት ጥፋቱ የተገኘው እዚህ ነው፤ ፈቃዱ ተዘግቶ ነበር። ከፈትኩት። ማይክራፎኑ በነፃ ተሰናበተ፤ ከባሕር ማዶም «አሜን» የሚል ድምፅ መጣ።