ሞያ በልብ አይቅር

«ሞያ በልብ ነው» ይላል የሀገሬ ሰው። አባባሉ የተነገረው ለጉረኛ ነው። ሳይሠራ የሚደነፋውን «አትፎክር፣ ሠርተህ አሳይ» ለማለት። ምክርነቱ ጥሩ ነበር። እኛ ግን ለሌላ ነገር አዋልነው፤ የምናውቀውን ለሌላው ላለማሳወቅ ሰበብ አደረግነው። መድኃኒት ዐዋቂው ሥሩን ሲምስ ልጁ እንኳን እንዲያየው አይፈልግም። ጠጅ ጣይዋ «የጌሾው ልክ ስንት ነው?» ብትባል «እንዲያው በግምት ነው እቴ» ብላ ታልፋለች። ብራና ዳማጩ፣ ቀለም በጥባጩ፣ ብረት አቅላጩ ሁሉም ሞያውን በልቡ ይዞ ይኖራል። በልቡ እንደያዘም ይቀበራል። ለቅሶ የምንደርሰው ለአንድ ሰው ይመስለናል እንጂ የምንቀብረው ሁለት ነው፤ ሰውየውንና ሞያውን።

ይህንን አባባል እንደ አዲስ እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ የኮኪት ወጣት ነው። ኮኪትን ለማታውቋት፣ ከጎንደር በአዘዞ አድርጋችሁ ወደ መተማ ስትወርዱ፣ ገንዳ ውኃን አልፋችሁ መተማ ዮሐንስ ሳትደርሱ የምታገኟት የቆላ ከተማ ናት። ሀገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ነው። በአጨዳ ወራት ከደጋው የሚወርደው ሳሉግ መንገዱን ይሞላዋል። ፀሐይዋ ደግሞ ምሕረት አታውቅም። እኩለ ቀን ላይ ሞባይል ከኪስ አውጥቶ ሰዓት ማየት እንኳን ትግል ነው። ሰዉ ስልኩን በባርኔጣው ወይም በመዳፉ እየከለለ ነው የሚያየው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ በኩል ሳልፍ ያገኘሁት ይህ ልጅ ሞባይል ጠጋኝ ነው። በቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካውያ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮና ከሶላር ጋር የታሰረ ባትሪ ተዘርግቷል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ለራሱ ይጫወታል፤ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ያቃጥላል፣ እንደገና ይፈታል። ስልኬን ሠርቶ ከሰጠኝ በኋላ አንድ ስስ ሰሌዳ የመሰለ ዕቃ አሳየኝ። ከሱዳን በኩል በመጣ አሮጌ ዕቃ ውስጥ ያገኘው ነው።

«ባትሪው ሞቷል ጋሼ» አለኝ። «ሥዕሉ ግን አልጠፋም። መጀመሪያ ስቲከር መስሎኝ በጥፍሬ ልልጠው ነበር።»

እውነቱን ነው። ባትሪው ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሰሌዳው ላይ ያለው ሥዕል ግን እንደታተመ ወረቀት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ፀሐይ ሲያወጣው እንደ ሞባይሉ አልጨለመም፤ እንዲያውም ይበልጥ ጠራ።

ዕቃው መጽሐፍ ማንበቢያ ነው። ስክሪኑ ደግሞ ፈረንጆቹ ኤሌክትሮኒክ ወረቀት የሚሉት ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በየከረጢቱ ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች በፈሳሽ ላይ ይዋኛሉ። ነጩ ቅንጣት የግድግዳ ቀለም ከሚነጣበት ነገር የተሠራ ነው። ነጩና ጥቁሩ የተለያየ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ኤሌክትሪክ ሲነካቸው አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ጥቁሩ የወጣበት ቦታ ፊደል ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ቅንጣቶቹ ካሉበት አይነቃነቁም። ጉልበት የሚፈልገው ገጹ ሲገለበጥ ብቻ ነው። የራሱ መብራት አያስፈልገውም፤ እንደ ብራና ፀሐይዋን መልሶ ነው የሚያበራ። ይህንን ቀለም ለገበያ ያበቃው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

እንግዲህ አስቡት። መብራት ለሚቆራረጥበት፣ ፀሐይ ለማይጠፋበት ለእንደ ኮኪት ያለ ሀገር ከዚህ የተሻለ ስክሪን ከየት ይመጣል?

ወጣቱን «ይህን ሁሉ ጥገና ከየት ተማርከው?» አልኩት።

«በሚሞሪ ከተጫነ ቪዲዮ ነው ጋሼ። አንድ ሕንድ ነው የሚያስተምረው። ቋንቋው አይገባኝም፤ እጁን ነው የማየው።»

አጠገቡ አንድ ደብተር አለ። የስልኮችን ቦርድ በእርሳስ ሥሎበታል። የትኛው መሥመር ሲቋረጥ ቻርጅ እንደሚያቆም፣ የትኛው ሲበጠስ ድምፅ እንደሚጠፋ ምልክት አድርጎበታል። «ይህንን ለሌሎቹ ጠጋኞች ታሳያቸዋለህ?» ብለው ሳቀ።

«ኧረ ጋሼ ምን ነካዎት! ሞያ በልብ ነው እኮ። ለማዶው ሱቅ ባሳይ ነገ ደንበኛዬ እዚያ አይደል የሚሄድ?»

ልብ በሉ። ሞያውን ከልቡ አውጥቶ በቪዲዮ በተነው የማያውቀው ሕንድ ነው እንጀራ የወጣለት። እርሱ ግን ደብተሩን ይደብቃል።

ይሁንና አልፈረድኩበትም። ይህ ጠባይ ከእርሱ አልጀመረም፤ ታሪክ ያወረሰን ነው። በዚህች ሀገር ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ርስት አይሰጠውም ነበር። ማረሻውን እንፈልጋለን፣ ሰውየውን ግን «ቡዳ ነው» እንላለን። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሞያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። መሬት ያልተሰጠው፣ ክብር የተነፈገው ሰው ያለችው ሀብት ምሥጢሩ ብቻ ናት። እርስዋን ከሰጠ በምን ይኖራል?

መተማ ስትባል ሁላችንም ትዝ የሚለን መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ ናት፤ ከተማዋም በስማቸው ትጠራለች። በዚያ ጦርነት የዘመተውን መኳንንት በስም በስሙ እንዘረዝራለን። የዘማቹን ጦር የሞረደው፣ የበቅሎውን ልጓም የሠራው ማን እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም።

የጎንደር አካባቢን ሕዝብ ማረሻ፣ ማጭድና ሸክላ ያጠገቡት በአብዛኛው ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። በ1970ዎቹ ብዙዎቹ ቀያቸውን እየለቀቁ በምዕራቡ ቆላ በኩል በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና በመጠለያ ያለቀው አለቀ፤ የተረፈው በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ተወሰደ። የቀሩትም ኋላ ተከተሉ። እነርሱ ሲሄዱ ሞያው በልባቸው ነበርና አብሮ ሄደ። «ቡዳ» ስንላቸው የኖርነው ሰዎች ከሄዱ በኋላ ማጭድ የሚስልልን ፍለጋ ዞርን።

ከመተማ ጎረቤት ከቋራ የተነሡትን ዐፄ ቴዎድሮስንም ተመልከቱ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ የሚቀለጥበት ሠፈር አቋቋሙ። ሠራተኞቹ ለወንጌል የመጡ አውሮፓውያን ነበሩ፤ መድፍ ማቅለጥ ግን ሞያቸው አልነበረም። እየሠሩ እየፈረሰ፣ እየፈረሰ እየሠሩ ነው የተማሩት። ዛሬ ሰው በትርፍ ጊዜው የሚያደርገውን እነርሱ በንጉሥ ትእዛዝ አደረጉት። በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል ወጣ። ንጉሡ በዚህ አልረኩም፤ በ1858 ዓ.ም. ባለሞያና መሣሪያ እንዲያመጣ ፍላድ የተባለውን ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሞያዎቹ ምጽዋ ደረሱ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ወደ ውስጥ ሳይገቡ ተመለሱ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የጋፋት አውሮፓውያንም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ መቅደላ አፋፍ ላይ ቀረ። ትምህርቱ ግን ትምህርት ቤት ሆኖ አልቀጠለም። እነሆ ብረቱን ወረስን፣ አሠራሩን አልወረስንም።

የሞያን ምሥጢር ገልጠው የሄዱም አሉን። በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ ለፈረንጅ ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ እንዲሆን አድርገው አስማሙት። ከ200 የሚበልጥ ፊደል ጥቂት ቁልፍ ባለው መኪና ላይ ማስፈር ቀላል አልነበረም። ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ በአሜሪካ የሚኖሩት ፍሥሐ አጥላውና ዶ/ር አበራ ሞላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በየፊናቸው ፊደላችንን ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት ደከሙ። ሌሎችም ተከተሉ። ዳሩ ግን እዚያም «ሞያ በልብ ነው» መጣ። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት አጋንንት የሳበ ጽሑፍ ይመስል ነበር። በዚያ ዘመን ቢሮ የሠራችሁ ታስታውሱታላችሁ።

መፍትሔው የመጣው ቁጥሩ የጋራ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ 345 የኢትዮጵያ ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች የየራሳቸው ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። ቁጥሩ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው።

ይህ ከኮኪቱ ሰሌዳ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም እንጂ። በሌላው ዓለም ይህንን ኤሌክትሮኒክ ወረቀት መጫወቻ ያደረጉ ብዙ ሰዎች አሉ። ከሱቅ የተጣለ የዋጋ ማሳያ ፈትተው ስክሪኑን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያደርጉታል። አሮጌ ማንበቢያ ከፍተው ሰዓት ያወጡለታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጣልያን ውስጥ የተጀመረው አርዱዊኖ የሚባል ትንሽ ቦርድ ለዚህ ሥራ ተማሪውንም ጡረተኛውንም አንድ አድርጎታል። የቦርዱ ንድፍ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይሠራዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ይሸጠዋል።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ጆይ ካስቲዮ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሰው ራሱ በካውያ በይዶ የሚሠራው መጽሐፍ ማንበቢያ ነደፈና ንድፉን ለዓለም ለቀቀው። ስሙን «ክፍት መጽሐፍ» አለው። የገረመኝ ምን መሰላችሁ? በቦርዱ ጀርባ ላይ የእያንዳንዱ ክፍል ሥራ በጽሑፍ ታትሟል። ይህኛው ባትሪውን ይሞላል፣ ያኛው ስክሪኑን ያዝዛል እያለ። ዕቃው ራሱ መምህር ነው! ደግሞም የዓለምን ቋንቋዎች እንዲያነብ ብሎ ዩኒፎንት የሚባለውን ነፃ የፊደል ስብስብ ከተተበት። በዚያ ስብስብ ውስጥ የእኛም ፊደል አለ። ለምን ቢባል በዩኒኮድ ቁጥር ተሰጥቶታላ! ሀገራችንን ይወቃት አይወቃት እንጃ፣ የሠራው ዕቃ ግን «ሀ» ብሎ ለማንበብ የሚያስፈልገው ፊደል አለው። የተከፈተ ሞያ የት እንደሚደርስ ባለቤቱም አያውቀውም።

«የእኛ ልጆች ይህን መቼ ይችሉታል» የምትሉ ካላችሁ ወደ ወንጪና ወለንጪቲ ልውሰዳችሁ። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ማንበብ ለማያውቁ የገጠር ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን አስቀምጦ ሄደ። አስተማሪ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። እኛ ቤት ቢሆን «ዕቃ አበላሸህ» ተብሎ ኩርኩም ነበር የሚጠብቃቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮ የሚፈታ ልጅ «ሥራ ፈት» ይባላል። መጫወት ከመማር፣ ማበላሸት ከማወቅ አይቆጠርም። ከዚያ ሲያድግ ደግሞ ያወቃትን ጥቂት ነገር ይደብቃታል።

ክፍት ንድፍ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ዕቃው ከውጭ ይመጣል፤ ዶላር ይፈልጋል፣ ቀረጥ ይፈልጋል። ይህ አይካድም። ግን ቆላውን አስቡት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ሸሽቶ የመጣው ሕዝብ መግቢያው መተማ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በአማራ ክልል ውጊያው ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ኔትዎርክ የማይፈልግ፣ በትንሽ ሶላር የሚሞላ፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ የክፍሉን መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ሚሞሪ የሚይዝ ሰሌዳ ለእንዲህ ያለ ቀን ቅንጦት አይደለም። ግን ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው እዚያው ቆላው ውስጥ መኖር አለበት። ብቻውን ከሆነም አይበቃም። እርሱ አንድ ቀን ወደ ደጋ ቢሰደድ ወይም ቢታመም፣ የማዶው ሱቅ ልጅ ያንን ደብተር አንብቦ መቀጠል መቻል አለበት። ጋፋት ያጣችው ይህንን ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ የቤቱን ሬዲዮ ፈትቶ ወለሉ ላይ ሲዘረጋው ብታገኙት ካቻቢቴውን አትቀሙት። ደብተርና እርሳስ ስጡት። ከመግጠሙ በፊት ያየውን ይሣልበት። ገጥሞ ቢሠራለትም ባይሠራለትም፣ ሲጨርስ ደብተሩን ለጎረቤት ልጅ እንዲያሳየው ንገሩት።