የዕለት ልማድና መለኪያው፦ የድሬዳዋ ዐረብኛ ተናጋሪ አረጋውያን ታሪክ የሚያስተምረው

አንድ አረጋዊ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሥቶ፣ በተመሳሳይ ቦታ ተቀምጦ፣ በተመሳሳይ መንገድ ወደ መስጊድ ቢሄድ፣ ይህን ሥርዓት ወዶ የያዘው ነው ወይስ ሌላ አማራጭ አጥቶ? የእርጅና ሕክምና ይህን ጥያቄ ማንሣት የጀመረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመው የካትዝ መለኪያና በ1965 የወጣው የባርተል መለኪያ አረጋዊው መታጠብ፣ መልበስና መመገብ መቻሉን እንጂ መውደዱን አይጠይቁም። በ1990 መንክና ባልደረቦቹ የዕለት ተግባራት ምን ያህል በተመሳሳይ ሰዓት እንደሚከናወኑ የሚመዘግብ መለኪያ አቀረቡ። በ1991 ራይክና ዛውትራ ልማድን የመሻት ዝንባሌን በአረጋውያን ዘንድ መረመሩ። በ2002 ደግሞ ቡዊሶን ዝንባሌው ከጭንቀትና ከድብርት ጋር ያለውን ግንኙነት በፈረንሳይ አረጋውያን ላይ አጠና።

እንዲህ ያለ መለኪያ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ ቃላቱን ብቻ መተርጐም እንደማይበቃ የድሬዳዋ ታሪክ ያስረዳል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር የሐረርን ተራራ ትቶ በግርጌው በማለፉ ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ተቈረቈረች። በደቻቱ ወንዝ ወዲህ ማዶ ከዚራ በቀጥተኛ ጎዳናዎችና በዛፎች ጥላ ተቀየሰ፤ ወዲያ ማዶ መጋላ የገበያ ሰፈር ሆኖ አደገ። በኤደንና በጅቡቲ በኩል ከየመን የመጡ ዐረቦችም ከሐረሪው፣ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌውና ከሌላው ነዋሪ ጋር በንግድ ተሰማርተው ኖሩ።

የእነዚህን ሰዎች ቀን የሚመራው የግድግዳ ሰዓት ብቻ አልነበረም። አምስቱ ሰላት፣ የባቡሩ መምጫና መሄጃ፣ የገበያው ግርግርና የቀትሩ ሐሩር እየተጋገዙ ያስተዳድሩት ነበር። ከቡና ገለባ የሚፈላው ቅሽርም ሆነ የከሰዓት በኋላው የጫት በርጫ የጠጪና የቃሚ ልማድ ብቻ ሳይሆን ወሬና ወዳጅ የሚገኝበት ጉባኤ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ሥርዓቱ ተናጋ። የ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የብዙ ባለንብረቶችን ኑሮ ለወጠ፤ አሮጌው ባቡርም ተዳክሞ ቆመ፤ የአዲሱ መስመር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ።

እንግዲህ «በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር አደርጋለሁ» የሚል መልስ ከአንዱ አረጋዊ ዘንድ አምልኮ፣ ከሌላው ዘንድ እርካታ፣ ከሦስተኛው ዘንድ ደግሞ ብቸኝነት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አንድ ነጥብ ካገኙ መለኪያው ሃይማኖተኛውን ጭንቀታም፣ ብቸኛውን ደግሞ ደስተኛ ያስመስላል። ስለዚህ «ያደርጋሉ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ምርጫ ቢኖርዎ ይህንኑ ያደርጉ ነበር?» የሚል ሊኖር ይገባል።

ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። በመጻሕፍት ዐረብኛ የተጻፈ ጥያቄ በየመን አነጋገር ላደገና ዐረብኛውን ከሐረሪ፣ ከኦሮምኛ ወይም ከአማርኛ ጋር ቀላቅሎ ለሚናገር ሰው እንግዳ ይሆናል፤ በቃል አንብቦና አስረድቶ መጠየቅ ይሻላል። በአገራችን አቈጣጠር ሁለት ሰዓት የሚባለው በውጭው ስምንት ሰዓት ስለሆነ፣ ሰዓት ከመጥቀስ ይልቅ «ከሱብሒ ሰላት በኋላ» ማለት ስሕተትን ይቀንሳል። በረመዳን የምግብና የእንቅልፍ ሰዓት ስለሚዛወር በዚያ ወር የተሰበሰበ መልስ ከሌላው ወር ጋር ተደባልቆ መቈጠር የለበትም፤ የጨረቃ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥርም ወሩ በየዓመቱ ቦታውን ይለውጣል።

ጥቅሙ ለተመራማሪ ብቻ አይደለም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት አረጋዊው ከማያቋርጠው ተግባር ጋር ቢያያዝ የመረሳት ዕድሉ ያንሳል። የተወደደ ልማድ ሁሉ ግን ጤናማ አይደለም፤ ጫት እንቅልፍን ያዛባል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል። ሆኖም በርጫውን እንዲተው የተመከረ ሰው ወዳጆቹን ጭምር እንዲተው መመከሩን ሐኪሙ ሊያስተውልና ሌላ የመገናኛ ሰዓት አብሮት ሊፈልግለት ይገባል። ሆስፒታል የተኛ አረጋዊም በገባበት ቀን የሚነሣበት፣ የሚሰግድበትና የሚያርፍበት ሰዓት ተጠይቆ በካርዱ ቢመዘገብ፣ ሌሊቱ ከቀኑ ሳይደበላለቅበት እንዲታከም ይረዳዋል።