ባሕር ዛፍ፣ ሀገር በቀል ደንና የአቃቂ ውሃ

አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ውሃ የሚወርድበት ታችኛው ጫፍ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ከእንጦጦ ሰንሰለትና ከሰሜን ምሥራቅ ከፍታዎች ተነሥተው ከተማዋን ይሻገሩና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ ምክንያት የአካባቢው የደን ታሪክ ከመረሬው ሜዳ ይልቅ ተራራው ላይ የተሠራ ነው፤ ላይ የተቆረጠውና የተተከለው ሁሉ ውጤቱ ታች ይታያል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ለቤት ሥራና ለማገዶ በፍጥነት አለቀ። እንጨቱ እየራቀ በመሄዱ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመፈለስ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ በፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይሌ ምክር ከአውስትራሊያ እንደመጣ ይነገራል። በፍጥነት ያድጋል፣ ከብት አይበላውም፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ዳግም ያቆጠቁጣል። ለጭሰኛም ለባለርስትም የሚመች ሰብል ነበር ማለት ይቻላል። አፈርና ውሃ ያደርቃል የሚል ስሞታም ቶሎ ተከተለ፤ በምኒልክ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አብዛኛው እንዲነቀልና በቦታው እንጆሪ እንዲተከል የወጣው ትእዛዝ ግን የወረቀት ትእዛዝ ሆኖ ቀረ። አጠናና ማገዶ የሚፈልግ ከተማ ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ዘመናት ሲፈራረቁ ተክሉ ሰፋ። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ሲሆን ጫካውም ከግል ባለቤቶቹ ወጣ፤ ቀጥሎም በውጭ ብድርና እርዳታ የተደገፉ የማገዶ ተክል ፕሮጀክቶች በከተማዋ ዙሪያ ተካሄዱ። ከባሕር ዛፍ ጎን የፈረንጅ ጥድና ፓቹላም ተተከሉ። በእንጦጦ ቁልቁለት ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የዚህ ሥርዓት ቋሚ ሠራተኞች ነበሩ። አፈሩን ከዛፉ በላይ የጎዳው ይህ የቅጠል ጠረጋ ሳይሆን አይቀርም። ለምጣድ የሚሆነው ደረቅ ቅጠል ሲለቀም መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ዝናብም ሲመታው ያለምንም ከለላ ይሸረሸራል።

ይህ አፈር የሚወርደው ወደ አቃቂ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ የሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ ነበር። ሐይቁ ግን በደለል ተሞላ፣ እንቦጭም ወረሰው፤ ማመንጫው ለአሥርታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ ዳግም ሥራ ጀመረ። ለደለሉ ባሕር ዛፉን ብቻ መወንጀል አይገባም። እርሻው፣ የከተማ ቆሻሻውና ግንባታው ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ሀገር በቀል ደንን የመመለስ ሙከራ የተጀመረውም ከላይ፣ ከእንጦጦ ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ፣ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፉን እያሳሱ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ተከሉ። ሥራው አዝጋሚ ነው። ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ ቁልቁለቱ ይታጠባል፤ ጉቶው ካልተነቀለ ወይም በየጊዜው ካልተመለመለ ደግሞ ቡቃያው ሀገር በቀሉን ይቀድማል። ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው።

የካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ዛፍ ከአየር ለሚይዘው ካርቦን የሚገኘው ክፍያ፣ በኢትዮጵያ ለዚህ መልስ የሰጠው በወላይታ ሁምቦ ነው። በዚያ የተራቆተ ተራራ ላይ በወርልድ ቪዥን አስተባባሪነት 2,728 ሄክታር መሬት ከሰውና ከከብት ተከልሎ፣ በአፈር ውስጥ የቀሩት የዛፍ ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ ተደረገ። ሰባት የአካባቢ ኅብረት ሥራ ማኅበራት የመጠቀም መብት ያገኙ ሲሆን ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶ ውል የንጹህ ልማት አሠራር ተመዘገበ። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅናሽ ለመግዛት ተስማማ።

የሁምቦ መንገድ ግን በቀጥታ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ አቃቂ ተፋሰስ አይሻገርም። የኪዮቶው ደንብ እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ደን ያልነበረ መሬት ብቻ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ያጸደቀችው ትርጉም ደግሞ ግማሽ ሄክታር የሚሸፍን፣ 2 ሜትር የደረሰና ከመሬቱ 20 በመቶ ላይ ጥላ የሚያጠላ ዛፍን ደን ይላል፤ የቆመ ባሕር ዛፍም ይህን መስፈርት ያሟላል። በሒሳቡ እንግዲህ ባሕር ዛፍን አንሥቶ ዝግባ መትከል ደን መፍጠር አይደለም። ይባስ ብሎ ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያከማቸው ካርቦን ከሀገር በቀሉ ይበልጣል፤ ቆረጣው እንደ ልቀት ይቆጠራል። ደለል መቀነሱና የምንጮች መጎልበት ለአቃቂ ነዋሪ ዋነኛ ጥቅሞች ቢሆኑም በካርቦን ገበያ ዋጋ የላቸውም።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመሩት አረንጓዴ ዐሻራና ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የወንዝ ዳርቻ ልማት ወጪያቸውን በሌላ መንገድ ሸፍነዋል። ይህ ልማት ቢያንስ ተራራውንና አቃቂን እንደ አንድ ተፋሰስ ያያል፤ የማገዶ ተክሉ ዘመን ግን ላይኛውን ብቻ ነበር የሚያየው። ከሚወገደው ባሕር ዛፍ የሚገኘው የአጠና ገቢ ተተኪውን ለመትከል ቢመደብ ካርቦን የማይከፍለው የሽግግር ወጪ በከፊል ይሸፈናል። ቅጠልና ጭራሮ ለሚለቅሙት ሴቶች ሌላ ማገዶና ሌላ ገቢ ካልተገኘ ግን ወጣቱ ዝግባም እንደ ባሕር ዛፉ ሥሩ መጠረጉ አይቀርም።