ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ

ልዑል ዓለማየሁ (ሚያዝያ 16 ቀን 1853 – ህዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም.) የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ነው። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተወሰደ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ሞተ። ዐፅሙ እስከ ዛሬ ያረፈው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው።

ተወልዶ ያደገው ደብረ ታቦርና መቅደላ ቢሆንም፣ የዘሩ ሐረግ የሚመዘዘው ከጎንደር ምድር ነው። አባቱ የቋራ ሰው ናቸው። እናቱ ደግሞ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት በጃን አሞራ ደጋ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በግንባታው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ረድቷቸዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርገው አሰሯቸው፤ ለውቤ በተሠራችው ቤተ ክርስቲያንም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው «ቴዎድሮስ» ተብለው ነገሡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታሳሪውን ልጅ አገቡ። ዓለማየሁ እንግዲህ የአሳሪው ልጅ፣ የታሳሪው የልጅ ልጅ ነበር። የሰሜንና የቋራ ደም በአንድ ሕፃን ውስጥ ታርቆ ነበር ማለት ይቻላል።

ጎንደር ለአባቱ ያላት ትዝታ ድርብ ነው። ዛሬ ሐውልታቸው በከተማዋ ቆሟል፤ አውሮፕላን ማረፊያውም በስማቸው ይጠራል። ያችኑ ከተማ ግን በ1859 ዓ.ም. ዘርፈው ያቃጠሏት እርሳቸው ናቸው። ከአብያተ ክርስቲያናቷ የሰበሰቧቸውን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው መቅደላ አከማቹ። አምባው ሲወድቅ እንግሊዞች ይህን ሀብት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ወሰዱ። የጎንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረው «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለው የጌታ ሥዕልም አብሮ ሄደ። ስለ ብራናዎቹ መመለስ የሚጽፉ ብዙዎች ልጁን፣ ስለ ልጁ የሚጽፉትም ብራናዎቹን ለይተው ያነሣሉ። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ከአንድ አምባ በአንድ ጦር የተወሰዱ ናቸውና።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን በሽጉጥ ሲገድሉ ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ይቀሩት ነበር። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ልጁን ከነእናቱ ወደ ሰሜን ይዘው ተጓዙ። እቴጌ ጥሩወርቅ ታመው ነበርና ግንቦት 8 ቀን በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም ጨለቆት ሥላሴ ነው። የአባቱን ጠላቶች ፈርተን ወሰድነው የሚለው የእንግሊዞች ምክንያት ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ልጁ ያለ ዘመድ አልቀረም ነበር፤ አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ናፍቆታቸውን በደብዳቤ ገልጸዋል። የቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት አለቃ ዘነብ አብረውት መንገድ ጀምረው ነበር። እርሳቸውም እንዲመለሱ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረው፤ እርሱም ኢትዮጵያውያን «ባሻ ፈለቀ» ይሉት የነበረው እንግሊዛዊው መኮንን ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ሕፃኑ ሌሊት እየደነገጠ ይነቃ ስለነበር ከስፒዲ ሥር አልለይም ይል ነበር።

እንግሊዝ በደረሰበት ወር፣ በሐምሌ 1868 እ.ኤ.አ.፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ተቀብለውት ወደዱት። በዚያው ደሴት ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። ዛሬ የምናውቀው ያ ያዘነ ፊት ከእርሷ ሥራዎች የመጣ ነው። ከስፒዲ ጋር ሕንድ ሄዶ ኖረ፤ በኋላ ግን መንግሥት ከስፒዲ ነጥሎ ወደ ቼልተንሃም፣ ከዚያም ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት አስገባው። ጨዋታና ስፖርት ይወድ ነበር፤ የሚያውቁት ሁሉ ገርነቱንና ትሕትናውን መስክረዋል። ሆደ ባሻ ነበር፤ ሰው የሚያፈጥብኝ በቆዳዬ ቀለም ነው እያለ ይሳቀቅ እንደነበር ንግሥቲቱ በማስታወሻቸው ጽፈዋል። መምህራኑ በቀለም ትምህርት ደካማ ነው ብለው ጽፈዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አባቱን፣ እናቱን፣ አገሩንና አፍ የፈታበትን ቋንቋ ላጣ ልጅ ይህ ፍርድ አይመጥንም።

በ1878 እ.ኤ.አ. ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ አልሆነለትም፤ በዓመቱ ወጣ። ከዚያ በሊድስ አጠገብ ሄዲንግሊ ወደሚኖር ሲሪል ራንሰም ወደተባለ መምህር ቤት ሄደ። እዚያ ብርድ መታውና ሳንባው ታመመ። መርዝ ሰጡኝ ብሎ ስለፈራ ምግብና መድኃኒት እምቢ አለ። ህዳር 5 ቀን ሞተ። ቪክቶሪያ በዕለቱ ማስታወሻቸው ብቻውን፣ በሰው አገር፣ አንድ የሥጋ ዘመድ ሳይኖረው መሞቱን አንሥተው አዝነዋል። ቀብሩ ህዳር 12 ቀን ተፈጸመ፤ በአገሩ የህዳር ሚካኤል በዓል የሚከበርበት ዕለት ነው። መታሰቢያ ሰሌዳው ላይ የተቀረጸው ቃል ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወሰደ፣ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር ነው። ያጻፉት በቅን ልብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጦር ይዞት የሄደ ሕፃን እንግዳ አይባልም።

ታሪኩን እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ ለወጣቶች ልብ ወለድ አድርጋ ጽፋዋለች፤ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ገጣሚ ለምን ሲሳይም ዐፅሙ እንዲመለስ ድምፁን አሰምቷል። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ዋዜማ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጥያቄ አቅርበው ነበር። የልዑሉ ቤተሰብ በኋላ ላቀረበው ጥያቄም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በግንቦት 2015 ዓ.ም. የሰጠው መልስ እምቢታ ነው፤ በዚያው ስፍራ ያረፉ ሌሎችን ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ምክንያት ተሰጥቷል። የአባቱ ፀጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ ተመልሷል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም በስፒዲ ዘመዶች እጅ የቆየ የዓለማየሁ ፀጉር ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ወኪሎች ተሰጠ። የዐፅሙ ጥያቄ ግን አልተዘጋም።