ከምእመናን ጋራ ቆሞ የመጸለይ ደስታ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ «እግዚአብሔር በስፍራው ሁሉ ካለ፥ በቤቴ ብቻዬን ብጸልይ ምን ይጎድልብኛል?» ብለህ ሳትጠይቅ አትቀርም። ጥያቄው የሰነፍ ብቻ አይደለም፤ አስተዋይም ይጠይቀዋል። እኔ ግን በምክር ከማሰለችህ ይልቅ፥ በዘመንና በአገር ከኛ እጅግ የራቁ ሰዎች ያደረጉትን ባወጋህ ይሻላል።

በ112 ዓ.ም. ገደማ (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ፕሊኒ የተባለ የሮማ አገረ ገዥ፥ ዛሬ በቱርክ ውስጥ ካለው ከቢቲንያ አውራጃ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ደብዳቤ ጻፈ። የክርስቲያኖችን ምስጢር ለማወቅ ሲል በማኅበሩ ያገለግሉ የነበሩትን ሁለት ባሪያዎች፥ ያውም ሴቶችን፥ እስከ ማሠቃየት ደርሶ ነበር። ያገኘው ምስጢር ግን ይህ ብቻ ነው፤ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፥ ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ፥ እንዳይሰርቁና እንዳያመነዝሩ፥ አደራም እንዳይክዱ ይማማላሉ፤ በኋላም ተመልሰው አብረው ይበላሉ። «እየተቀባበሉ» የሚለውን ልብ በል። አንድ ሰው ብቻውን ሊዘምር ይችላል፤ ሊቀባበል ግን ከቶ አይቻለውም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን የአቢቲና ሰዎች ነገር ነው። በ303 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፥ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፥ ክርስቲያኖችም እንዳይሰበሰቡ አዋጅ አስነገረ። አቢቲና ዛሬ ቱኒዚያ በምትባለው አገር የነበረች ትንሽ ከተማ ናት። ጳጳሷ ፉንዳኑስ ፈርቶ መጻሕፍቱን ለሹማምንቱ አስረከበ። ምእመናኑ ግን ከካህኑ ከሳቱርኒኖስ ጋራ በሰው ቤት እየተሸሸጉ የእሑዱን ጸሎትና ቍርባን ያደርሱ ነበር። በ304 ዓ.ም. አርባ ዘጠኝ ሆነው ተያዙና በካርታጎ ወዳለው አገረ ገዥ ወደ አኑሊኖስ ተወሰዱ። በመንገድም ሳሉ ይዘምሩ ነበር ይባላል። ታሪካቸውን የጻፈው ሰው፥ በኋላ የአፍሪቃን ቤተ ክርስቲያን በከፈለው ጠብ የአንዱ ወገን ደጋፊ ስለ ነበረ፥ አንዳንዱን ነገር ሳያጋንነው አልቀረም፤ ጥያቄና መልሱ ግን ከእውነተኛ የችሎት መዝገብ የተቀዳ ይመስለኛል።

በዚያ ችሎት ዳኛው ከተከሳሾቹ አንዱን፥ ፊልክስ የተባለውን፥ ክርስቲያን መሆንህን ሳይሆን በስብሰባው መገኘትህን ብቻ ንገረኝ አለው። አየህ፥ ዳኛው ብልህ ነበር። በልብ ያለ እምነት ለመንግሥቱ አያሰጋውም፤ ሰው በጓዳው የፈለገውን ቢያስብ ማን ያየዋል? የሚያሰጋው መሰብሰቡ ነው። ጸሐፊው ግን በዚህ ጥያቄ ይዘባበትበታል፤ ክርስቲያን ያለ ማኅበር፥ ማኅበርም ያለ ክርስቲያን ሊኖር እንደሚችል አድርጎ መጠየቅ ሞኝነት ነው ይላል። እኔ እንኳ ዳኛውን ሞኝ አልለውም። ጠላት ሆኖ ሳለ የነገሩን ሥር ከብዙ ወዳጆች አብልጦ ዐውቆታል።

ስብሰባው በቤቱ የተደረገው አንባቢው ኤሜሪጦስ ሲጠየቅ፥ የመጡት ወንድሞቹ ስለ ሆኑ ሊከለክላቸው እንዳልቻለ፥ ያለ ጌታ ዕለት ጸሎትም መኖር እንደማይሆንላቸው መለሰ። ቪክቶርያ የምትባለውን ልጃገረድ ደግሞ አረማዊ ወንድሟ አእምሮዋ ተነክቷል ብሎ ሊያስፈታት ሞከረ። እሺ ብትል ከሞት ትተርፍ ነበር። እርስዋ ግን አእምሮዬ ደኅና ነው፥ ወንድሞቼም የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የሚጠብቁ ናቸው ብላ ከማኅበሩ ጋራ ቀረች። የካህኑ ትንሽ ልጅ ሂላርያኖስም አፍንጫህንና ጆሮህን እቈርጣለሁ ቢባል አልደነገጠም። ብዙዎቹ በሥቃዩና በወህኒው ሞቱ።

እነዚህ ሰዎች የታዘዙትን ግዴታ ብቻ ሲፈጽሙ ተያዙ ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ሰው ለግዴታ ሲል ቅጣት ሊቀበል ይችል ይሆናል፤ ወደ ችሎት ሲነዳ ግን አይዘምርም። መጻሕፍቱን ያስረከበውም ጳጳስ ሃይማኖቱን በልቡ ይዣለሁ ሳይል አልቀረም።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፥ በ321 ዓ.ም.፥ ቈስጠንጢኖስ እሑድ የዕረፍት ቀን እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ ወዲህ መሰብሰብ ቀላል ሆነ፤ ቀላል የሆነ ነገርም ይናቃል።

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፥ ቅዳሴ በአንድ ቄስ አይቀደስም። ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፥ በጠቅላላው አምስት ልኡካን ያስፈልጋሉ። ሕዝቡም ተመልካች አይደለም፤ የራሱ ተሰጥዖ አለው፥ ካህኑ ሲጀምር እርሱ ይመልሳል። በልጅነቴ በገጠር ደብር አንድ እሑድ ሦስተኛው ዲያቆን ዘግይቶ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፤ ሌሊት ዝናም ጥሎ ወንዙ ሞልቶበታል። ሽማግሌዎቹ ቀሳውስት ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፥ ሕዝቡም በየመቋሚያው ተደግፎ ልጁን ጠበቀው። ጭቃ በጭቃ ሆኖ በበሩ ብቅ ሲል፥ ሴቶቹ እልል አሉ።