የሐማሙ እሳት፦ ከሮም እስከ ዛሬዋ ኢስታንቡል

ለንግድ ኢስታንቡል የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ላለሊን እንደ ሰፈሩ ያውቃታል። ከልብስ ሱቆቿ ወጥቶ የትራሙን ሐዲድ ወደ ምሥራቅ ቢከተል፣ የቤያዚትን አደባባይ አልፎ፣ በብረት ቀለበት የታሰረ ረጅም ዐምድ ያገኛል። ያስቆመው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው። ከዐምዱ አጠገብ ብዙ መንገደኛ ልብ ሳይላት የሚያልፋት በር አለች። የቸምበርሊታሽ ሐማም በር ናት፤ ሐማሙ የተሠራው በ1584 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ለዕረፍት የመጣ እንግዳ በዚያች በር ሲያልፍ የሚገባው ወደ ቱርክ ቤት ብቻ አይደለም። ወለሉን የሚያሞቀው ጥበብ የሮማውያን ነው። ውሃው በሰውነት ላይ የሚፈስበትን ሥርዓት ያቆመው እስልምና ነው። ጉልላቱንና ስሙን ለዓለም ያስተዋወቁት ደግሞ ኦቶማኖች ናቸው። ይህን ረጅም ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ለመቃኘት አንዲት ጥያቄ ትመራናለች፦ እሳቱ የሚነደው በማን ወጪ ነው? ብዙ እንጨትና ብዙ ውሃ የሚበላ ቤት ያለ ደጋፊ አይቆምምና፣ ደጋፊው በተለወጠ ቁጥር ቤቱም ትርጉሙን ለውጧል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። «ሐማም» ዐረብኛ ነው፤ ሥሩም ሙቀትን ያመለክታል። ዐረቦች ትኩሳትን «ሑማ» ይላሉ። የእኛው ግዕዝ «ሕማም» የሚለው ቃል የዚሁ ሥር ዘመድ ነው፤ በአንዱ ቋንቋ የመታጠቢያ ቤት ስም የሆነው ሥር በሌላው የሥቃይ ስም ሆነ። ሰውነት ሲግል የሚሆነውን ሴማውያን ከሁለት ወገን አይተውታል ማለት ነው።

ወደ መነሻው እንሂድ። ግሪኮችም መታጠቢያ ቤት ነበራቸው፤ ነገሩን የከተማ ተቋም አድርገው ያስፋፉት ግን ሮማውያን ናቸው። ፖምፔ ላይ ዛሬም የሚታየው የስታቢያ መታጠቢያ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ነው። ጥበቡ ቀላል ነው፦ ወለሉ በአጫጭር የሸክላ ዐምዶች ላይ ከፍ ተደርጎ ይነጠፋል፤ ከጎን ባለው ምድጃ እሳት ይነዳል፤ ትኩሱ አየር በወለሉ ሥርና በግድግዳው ውስጥ እየተላወሰ ክፍሉን ያግላል። ታጣቢው ከቀዝቃዛው ወደ ለብታው፣ ከለብታው ወደ ትኩሱ ክፍል ይሸጋገራል። በ216 የተከፈተው የካራካላ መታጠቢያና በ306 አካባቢ የተመረቀው የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ የዚህ ልማድ ጣሪያ ናቸው። ዲዮቅልጥያኖስን የሀገራችን ሰው ከስንክሳር የሚያውቀው በሰማዕታት ደም ነው፤ ለሮም ሕዝብ ያነጸው የመታጠቢያ አዳራሽ ግን ከ1,200 ዓመታት በላይ ቆይቶ በሚኬላንጄሎ እጅ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በሮም ዘመን ለእሳቱ የሚከፍሉት ንጉሠ ነገሥቱና ባለጸጎች ነበሩ። ሕዝቡ በትንሽ የነሐስ ሳንቲም ይገባል፤ የከፋዩ ብድራት ዝና ነው።

የእንዲህ ያለ ስጦታ ዕድሜ የሰጪውን ዕድሜ ያህል ነው። በ537 ጎቶች ሮምን ሲከቡ የከተማዋን የውሃ መስመሮች ቆረጡ፤ ታላላቆቹ መታጠቢያዎችም ደረቁ። በምሥራቅ ግን ክሩ አልተበጠሰም። በቁስጥንጥንያ የዜዉክሲፖስ መታጠቢያ በ532ቱ የኒቃ ዐመፅ ቢቃጠልም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ መልሶ ሠራው። ከሺህ ዓመት በኋላ የኦቶማኑ ሱልጣን የሱለይማን ሚስት ሁረም ሱልጣን በስሟ የሚጠራውን ሐማም ያሠራችው እዚያው ሰፈር፣ ከአያ ሶፊያ ፊት ለፊት ነው። ይህ ድንገተኛ ግጥምጥሞሽ አይመስለኝም፤ የውሃ ቦይ ባለበት ሰፈር ውሃ የሚሻ ቤት ደጋግሞ ይሠራል።

ሁለተኛው ትልቅ መታጠፊያ የእስልምና መምጣት ነው። ዐረቦች ሶርያን ሲይዙ መታጠቢያዎቹን ከነምድጃቸው ወረሷቸው። ከዮርዳኖስ ዋና ከተማ በስተምሥራቅ፣ በበረሃው ውስጥ ያለው ቁሰይር ዐምራ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የተሠራ የኡመያ ሥርወ መንግሥት ማረፊያና መታጠቢያ ነው፤ ዩኔስኮ በ1985 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የትኩሱ ክፍል ጉልላት በከዋክብት ሥዕል ያጌጠ ሲሆን፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ደግሞ ስድስት ነገሥታት ቆመዋል። ስማቸው በግሪክኛና በዐረብኛ ከተለየው መካከል የቢዛንታይኑ ቄሳር፣ የፋርሱ ኪስራ፣ የእስፓኝ ገዥ የነበረው ሮደሪክ፣ እንዲሁም ነጃሺ፣ የአክሱሙ ንጉሥ፣ ይገኙበታል። የሐማም ታሪክ ሲነገር ኢትዮጵያ የማትነሣ የሚመስለው ሰው ይህን ግድግዳ ልብ ይበል፦ የዘመኑ ታላላቅ ነገሥታት በአንድ መታጠቢያ ቤት ሲሳሉ የእኛው ንጉሥ ከመካከላቸው ነበር።

እስልምና የቤቱን ነፍስ ለወጠ። የሮማው ታጣቢ ከብዙዎች ጋር በአንድ ትልቅ ገንዳ ይነከራል፤ ጉስልና ውዱእ የሚባሉት የእስልምና የመንጻት ሥርዓቶች ግን የሚሹት የሚፈስ ውሃ ነው። ስለዚህ ትልቁ የመዋኛ ገንዳ እየጠፋ ሄደ፤ በምትኩ በየግድግዳው ሥር ትናንሽ የእብነ በረድ ገንዳዎች ተተከሉ። ቱርኮች «ኩርና» ይሏቸዋል። ውሃው እየተቀዳ በሰውነት ላይ የሚፈስበትን ዕቃ ደግሞ «ታስ» ይሉታል፤ ከእኛው ጣሳ ጋር አንድ ቃል ነው። ያለፈውን ባጭሩ ስናስረው፦ ሮም እሳቱን ሰጠች፣ እስልምና ውሃውን አፈሰሰው።

ይህ ቤት ወደ ምዕራብም ተጉዟል። በግራናዳ ያለው ኤል ባኙዌሎ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከተማይቱ ለክርስቲያን ነገሥታት ከወደቀች በኋላ በ1567 የወጣው የዳግማዊ ፊልጶስ ዐዋጅ ሞሪስኮዎች የተባሉትን፣ ክርስትና የተነሡ ሙስሊሞችን፣ መታጠቢያ ከለከለ፤ ገላ መታጠብ የእምነት ምልክት ሆኖ ተቆጠረ። ሞሮኮ በኦቶማኖች ሥር አልገባችም፤ ልማዷን የያዘችው በራሷ መንገድ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች «ሞሮኮ ባዝ» የሚሉት ከዚያ ወገን ስሙን የወሰደ ነው፤ የቱርኩ የአጎት ልጅ እንጂ የቱርኩ ልጅ አይደለም።

ሴልጁቆች የተባሉት ቱርኮች በ1071 ማንዚከርት ላይ ቢዛንታይንን ድል ካደረጉ በኋላ ቱርኮች አናቶሊያን ሲሞሉ ሦስት ልማዶች ተገናኙ፦ የሮማ ምድጃ፣ የእስላም የውሃ ሥርዓትና ቱርኮቹ ራሳቸው ያመጡት። ኦቶማኖች በቡርሳ ፍል ውሃዎች ላይ ጉልላት እየደፉ ጀመሩ፤ ዳግማዊ መሐመድ በ1453 ቁስጥንጥንያን ሲይዝም በአዲሲቱ ዋና ከተማ ከመስጊድና ከገበያ ጎን ሐማም የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አካል ሆነ።

ለጥያቄያችን ዋናው መልስ ያለው እዚህ ነው። የኦቶማን ሐማም በንጉሥ ቸርነት ብቻ አልቆመም፤ በወቅፍ ቆመ። አንድ ሱልጣን፣ አንዲት የሱልጣን እናት ወይም አንድ ፓሻ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ የድሆች ማብሰያ ቤትና ሆስፒታል ሲመሠርት፣ እነዚህን የሚያኖር ገቢ አብሮ ይመድባል። ከገቢ ምንጮቹ አንዱ ሐማም ነው። የቸምበርሊታሹን ያሠራችው ኑርባኑ ሱልጣን፣ የሣልሳዊ ሙራድ እናት፣ ገቢው በኡስኩዳር ላቋቋመችው የበጎ አድራጎት ግቢ እንዲውል ነው። ስለዚህ ታጣቢው የሚከፍለው ሳንቲም ማገዶውን ገዝቶ የተረፈው ለድሃ ሾርባ ይሆናል። ከሮማው ስጦታ ይልቅ ይህ ዘላቂ ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅም፤ ሰጪው ሲሞት ቤቱ አይሞትም።

የዚህ ዘመን ታላቅ እጅ ሲናን ነው። ከካይሰሪ አካባቢ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ በወታደርነት አልፎ፣ ከ1539 እስከ ሞተበት 1588 ድረስ የመንግሥቱ ዋና አናጺ ነበር። ለባሕር ኃይል አዛዡ ለባርባሮስ ሐይረዲን ፓሻ የዘይሬክን ቺኒሊ ሐማም፣ ለሁረም ሱልጣን በ1556 እና 1557 የአያ ሶፊያውን፣ በ1580ዎቹ መጀመሪያ የቂሊች ዐሊ ፓሻን ሐማም ሠርቷል። ለአንባቢያችን የዘመን ምልክት ይሆን ዘንድ፦ ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ለኦቶማን የያዘውም በ1557 ነው። በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ አስጎብኚዎች «የቱርክ መታጠቢያ» ወይም ወሸባ ብለው የሚያሳዩት ፍርስራሽም የቱርኩ መታጠቢያ ስም ወደ ደጋችን ምን ያህል እንደ ዘለቀ ይናገራል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የመጀመሪያው ልብስ ማውለቂያው አዳራሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በመካከሉ ፏፏቴ አለው። እንግዳው ፔሽተማል የሚባለውን ሽርጥ ታጥቆ፣ እግሩን በእንጨት ጫማ አስገብቶ ወደ ለብታው ክፍል ያልፋል። ከዚያ ትኩሱ አዳራሽ ይከተላል። በመካከሉ ሰፊ የእብነ በረድ መደብ አለ፤ «ጎቤክ ታሺ» ይባላል፣ የእምብርት ድንጋይ ማለት ነው። ሥሩ ባዶ ነው፤ ትኩሱ ጭስ የሚያልፍበትን ያንን ባዶ ቦታ ቱርኮች «ጀሐነምሊክ» ብለውታል፤ ከገሃነም የተወሰደ ስም ነው። ሰውየው ድንጋዩ ላይ ተንጋሎ ያልበዋል። ላቡ ሲወርድ አጣቢው ይመጣል፤ ለወንዶች ቴላክ፣ ለሴቶች ናትር። ኬሴ በሚባል ሻካራ ጓንት ገላውን ከአንገት እስከ ተረከዝ ይፈትጋል፤ እድፉ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ቀጥሎ በሳሙና አረፋ ይሸፍነዋል፤ በመጨረሻ በጣሳ ያፈስበታል። የሚያጣድፍ የለም። እንግዳው ተጠቅልሎ ወደ መጀመሪያው አዳራሽ ሲመለስ ሻይ ይጠብቀዋል። የሮማው ቅደም ተከተል፣ ከቀዝቃዛ ወደ ትኩስ፣ ከትኩስ ወደ ቀዝቃዛ፣ እንዳለ ነው።

ቤቱ ግን ገላ ብቻ አላጠበም። ብዙዎቹ ታላላቅ ሐማሞች ጥንድ ናቸው፤ የወንዱና የሴቷ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተሠርቶ በአንድ ምድጃ ይሞቃል። ከቤት መውጣት በሚከብዳት ዘመን ሴቷ ያለ ነቀፌታ ቀኑን ሙሉ የምትውልበት ስፍራ ይህ ነበር። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ከዘመድ አዝማድ ጋር ትታጠባለች፤ አራስ በአርባኛው ቀን ከልጇ ጋር ትመጣለች፤ ለልጇ ሚስት የምትፈልግ እናት ልጃገረዶቹን እዚያ ታያለች። የኦቶማንን ታሪክ ከሴቶች ወገን ለመጻፍ የሚሻ ሰው ከቤተ መንግሥቱ ሐረም ይልቅ ወደ ሰፈር ሐማም ቢሄድ የሚበልጥ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ከጀርባው ደግሞ የእሳቱ ሰዎች ነበሩ። ምድጃ ቤቱ ኩልሐን ይባላል። ማደሪያ የሌላቸው ልጆች በክረምት ሙቀት ፍለጋ እዚያ ያድሩ ነበር፤ «ኩልሐንበይ» የሚለው ስም ቆይቶ ለሰፈር ጉልበተኛ ተሰጠ። ከሐማም ሠራተኞች መካከል ታሪክ የለወጠም አለ። ፓትሮና ኻሊል፣ በቤያዚት ሐማም አጣቢ እንደ ነበረ የሚነገርለት ሰው፣ በ1730 የመራው ዐመፅ ሣልሳዊ አሕመድን ከዙፋን አወረደ። በዚያ ዐመፅ የነገሠው ቀዳማዊ ማሕሙድ ብዙም ሳይቆይ ኻሊልን አስገደለው፤ በ1741 ደግሞ ለአያ ሶፊያ ቤተ መጻሕፍቱ ገቢ እንዲሆን የጃሎሉን ሐማም አሠራ። ከታላላቆቹ ሐማሞች የመጨረሻው ይህ ነው። በ1768 ሣልሳዊ ሙስጠፋ የከተማዋ እንጨትና ውሃ እያለቀ በመሄዱ አዳዲስ ትላልቅ ሐማሞች እንዳይሠሩ ከለከለ። እሳቱ ደጋፊውን በልቶ ጨረሰ ማለት ይቻላል።

በዚሁ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሐማሙን በሩቅ ማየት ጀመረች። የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ በ1717 ሶፊያ ላይ የሴቶችን ሐማም ጎብኝታ፣ የከተማው ወሬ ሁሉ የሚነገርበት የሴቶች ቡና ቤት አድርጋ ገለጸችው። ያየችውን መሰከረች። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኢንግረ በ1862 ያጠናቀቀው «የቱርክ መታጠቢያ» ግን ምሥራቅን ረግጦ የማያውቅ ሽማግሌ ሕልም ነው፤ የብዙ አውሮፓውያን አእምሮ የያዘው ደግሞ ይህን ሕልም ነው። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ኡርኩሃርት በ1850 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የአየርላንዱን ሐኪም ሪቻርድ ባርተርን አነሣሥቶ በ1856 ኮርክ አጠገብ መታጠቢያ አሠራ፤ ልማዱም በብሪታንያ ተዛመተ። የሚገርመው፣ እነዚያ ቤቶች በደረቅ ሙቀት ስለሚሠሩ ከቱርኩ ይልቅ ለሮማው ይቀርቡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ይነገራል። ቧንቧና የቤት ውስጥ መታጠቢያ ሲመጣ ሰፈሩ ሐማሙን ተወው። የሁረም ሱልጣን ሐማም የወረቀትና የነዳጅ መጋዘን፣ በኋላም የምንጣፍ መሸጫ ሆነ። የቺኒሊ ሰድሮች ለአውሮፓ ነጋዴዎች ተሸጡ። መነሣቱ የቅርብ ጊዜ ነው፦ የሁረም በ2011፣ የቂሊች ዐሊ ፓሻ በ2012 ተከፈቱ፤ ቺኒሊ ከ13 ዓመት እድሳት በኋላ በሩን ሲከፍት ከሥሩ የቢዛንታይን የውሃ ማጠራቀሚያ ተገኝቶ ነበር።

ዛሬ እሳቱ በጋዝ ይነዳል፤ ወጪውን የሚችለው ደግሞ ለዕረፍት የመጣው እንግዳ ነው። ያለ እርሱ ብዙዎቹ ጉልላቶች እስካሁን መጋዘን ይሆኑ ነበርና ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም የታላላቆቹ ዋጋ የሰፈሩን እናት አስወጥቷታል፤ ይህ ለእኔ ከጉልላት መፍረስ ያላነሰ ጉዳት ነው። ኢስታንቡል የሚሄድ ሰው የሲናንን ቤት ቢያይ ደስ ይለኛል። በማግስቱ ግን ወደ አሮጌዎቹ ሰፈሮች ገባ ብሎ፣ ስሟ በመመሪያ መጽሐፍ ያልተጻፈች ሐማም ይፈልግ። እዚያ ሴቶች ፎጣቸውንና ሳሙናቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይመጣሉ፣ ልጆቻቸውን በኩርናው ሥር አስቀምጠው ያጥባሉ። በጉልላቱ ላይ «የዝሆን ዐይን» ከሚሉት ክብ መስተዋቶች የሚወርደው ብርሃንም በእንፋሎቱ ውስጥ ቀስ እያለ፣ ከአንዷ ትከሻ ወደ ሌላዋ ይሻገራል።