ነባሩ ማውጫና አዲሱ እንግዳ፦ ሊኑክስ በሜይንፍሬም ዲስክ ላይ

አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ራማክ ከተሰኘው መሣሪያ ጋር የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ዲስክ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሃምሳ ሳሕኖች የተደረደሩበት ያ ግዙፍ ዕቃ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር። በ1964 ሲስተም 360 ይፋ ከሆነ ወዲህ የዲስክ አያያዝ ሕግ ተበጀለት። ይኸውም እያንዳንዱ ዲስክ ስሙን የሚገልጽ መለያና ፋይሎች ከየትኛው እስከ የትኛው ስፍራ እንደ ሰፈሩ የሚያስረዳ ማውጫ እንዲኖረው ነው።

ከሠላሳ አምስት ዓመታት በኋላ፣ በ1999 ማብቂያ፣ ሊኑክስ ኤስ 390 ወደተባለው ሜይንፍሬም ገባ። ሊኑክስ ያደገው በትንንሽ ኮምፒዩተሮች ላይ በመሆኑ መጠናቸው እኩል የሆኑ ብሎኮችን ይሻል፤ የሜይንፍሬም ዲስክ ግን ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን መዝገቦች ለመቀበል የተሠራ ነው። ስለዚህ ዲስኩ አስቀድሞ ባለ 4096 ባይት ብሎኮች ተደርጎ መታረስ ነበረበት። በ3390 ዲስክ አንድ ትራክ እስከ 56,664 ባይት ሲይዝ፣ በዚህ አከፋፈል የሚሰፍሩት 12 ብሎኮች ወይም 49,152 ባይት ናቸው። የቀረው ቦታ የእኩልነት ዋጋ ሆነ።

ከዚህ የከበደው ጥያቄ ጉርብትና ነበር። ለሊኑክስ ብቻ የተዘጋጀን ዲስክ ነባሩ ሥርዓት ባለቤት እንዳለው አድርጎ አያውቀውም። በገንዳ ውሃ ብዙ ነጋዴዎች በሚጋሩት የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሳይመዘገብ የተከመረ ጆንያ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ማሰብ ይበቃል። መፍትሔው እያንዳንዱን የሊኑክስ ክፋይ በነባሩ ማውጫ ላይ እንደ አንድ ፋይል ማስመዝገብ ሆነ። በዚህም ዜድ ኦ ኤስ የተባለው ሥርዓት ቦታው የተያዘ መሆኑን ያውቃል፤ በራሱ መሣሪያዎችም መጠባበቂያ ቅጂ ሊወስድለት ይችላል። ክፋዮቹ ግን ከ3 አይበልጡም፤ ሊኑክስ ለአንድ ዲስክ ከሚመድባቸው አራት ቁጥሮች አንዱ ለሙሉው ዲስክ የተያዘ ነውና።

አያሌ ዲስኮች በቁጥር ብቻ በሚጠሩበት አዳራሽ የአንዲት አኃዝ ስሕተት የሌላውን ክፍል ሰነድ ልታጠፋ ትችላለች። ስለሆነም ባለሙያው ቁጥሩን ያመሳክራል፣ ማውጫውን ያነባል፤ ፎርማት የሚያደርገው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ እንግዳ በአሮጌው ቤት ተከብሮ ሊኖር የቻለው በቤቱ መዝገብ ላይ ስሙን ስላሰፈረ ነው።